የቻት ሰርቨርን በኮንቴይነር ገንብቶ ማስነሳት፦ ፕሮሶዲን ከሶርስ ኮዱ ጀምሮ

የራሳችሁን የቻት ሰርቨር ለማስነሳት አንድ ዶሜይን፣ አንድ ትንሽ ሊኑክስ ማሽንና ዶከር ይበቃችኋል። ዶከር አንድን ፕሮግራም ከሚያስፈልገው ነገር ጋር አሽጎ፣ ከቀረው ማሽን ለይቶ የሚያስነሳ መሣሪያ ነው። እዚህ የምንሠራው በፕሮሶዲ ነው። ፕሮሶዲ ኤክስኤምፒፒ በሚባለው የመልእክት መለዋወጫ ፕሮቶኮል የሚሠራ ነፃ ሰርቨር ነው። ፕሮቶኮሉ መጀመሪያ ጃበር ይባል ነበር፤ ጄረሚ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1999 ይፋ ያደረገው ነው፣ በ2004 ደግሞ በኢንተርኔት ደረጃዎች ሰነድነት ታተመ። ልክ እንደ ኢሜይል አንዱ ሰርቨር ከሌላው ጋር ይነጋገራል። ስለዚህ እናንተ ቤት ያለ ሰው ሌላ ቦታ ሌላ ሰርቨር ላይ ካለ ሰው ጋር ያወራል፣ መሃል ላይ የሁሉም ባለቤት የሆነ ድርጅት የለም።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ኢሜጅ የታሸገው ፕሮግራም ነው፣ ኮንቴይነር ደግሞ ከሱ ተነስቶ እየሠራ ያለው ቅጂ። ኮንቴይነር የሚጣል ነገር ነው። ዛሬ ይነሳል፣ ነገ ይጠፋል፣ በቦታው አዲስ ይተካል። የማይጣሉት ሦስት ናቸው፦ የሰዎቹ አካውንትና መልእክት፣ የኮንፊግ ፋይሉ፣ የሰርተፊኬቱ (የሰርቨሩን ማንነት የሚያረጋግጠው ፋይል) ቁልፍ። አብዛኛው ችግር የሚመጣው የሚጣለውና የማይጣለው ሲደባለቁ ነው፤ እኔም ደርሶብኛል፣ ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

ስለ ትዕዛዞቹ፦ እዚህ የጻፍኳቸው በግዕዝ ፊደል፣ እንደሚነበቡ አድርጌ ነው። ተርሚናል ላይ ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የምትጽፏቸው። ትልቅ ፊደል በሚያስፈልግበት ቦታ እነግራችኋለሁ፣ ምክንያቱም ሊኑክስ ላይ ትልቁና ትንሹ ፊደል አንድ አይደሉም።

ለምን ራሳችን እንገነባዋለን?

ዝግጁ የፕሮሶዲ ኢሜጅ አለ። ለሙከራ ከሆነ እሱን አውርዳችሁ ማስነሳት ትችላላችሁ፣ ምንም ክፋት የለውም። እኔ ግን ብዙ ሰው የግል ወሬውን የሚያወራበትን ሰርቨር ውስጡ ምን እንዳለ ሳላውቅ ማስነሳት ደስ አይለኝም። ራሴ ስገነባው የትኛው ቨርዥን እንደገባ፣ የትኞቹ ላይብረሪዎች እንዳሉበት አውቃለሁ፤ የደህንነት ማስተካከያ ሲወጣም የሌላ ሰው ኢሜጅ እስኪታደስ አልጠብቅም፣ በዚያው ቀን ገንብቼ እቀይረዋለሁ።

ፕሮሶዲን የመረጥኩት ደግሞ ለመገንባት ቀላል ስለሆነ ነው። የተጻፈው በሉዋ ነው። ሉዋ ኮምፓይል ሳይደረግ (አስቀድሞ ወደ ማሽን ቋንቋ ሳይተረጎም) የሚሄድ ቋንቋ ስለሆነ፣ በሲ ቋንቋ የተጻፉትን ጥቂት ረዳት ክፍሎች ብቻ ነው ኮምፓይል የምናደርገው። ስለዚህ ከግንባታው ይልቅ ፓኬጆቹን ማውረዱ ረዘም ሊል ይችላል።

መነሻ ዝግጅት

ማሽኑ ላይ ዶከር ይጫን። ፖድማን ካላችሁም ይሠራል፣ ትዕዛዞቹ ከሞላ ጎደል አንድ ናቸው፤ «ዶከር» ባልኩበት «ፖድማን» ብላችሁ ጻፉ። የምንጠቀምባቸው ፖርቶች ሁሉ ከ1024 በላይ ስለሆኑ ፖድማንን ያለ ሩት (የማሽኑ ሙሉ ባለሥልጣን) መብት ማስነሳትም አያስቸግርም።

አንድ የሥራ ፎልደር ፍጠሩ። ውስጡ የፕሮሶዲን ሶርስ ኮድ ከፕሮጀክቱ ገጽ አውርዳችሁ አስቀምጡ። 0.12 የሚለው ቨርዥን እ.ኤ.አ. በ2022 ወጣ፣ ቀጥሎ በ2025 የወጣው 13.0 ነው። በመሃል ያመለጣችሁ ነገር የለም፣ አቆጣጠሩን ነው የቀየሩት። ያወረዳችሁት ፋይል ፊርማው ትክክል መሆኑን አረጋግጡ፤ ይህን የሚዘል ሰው ብዙ ነው፣ እናንተ ግን አትዝለሉት። ከውስጥ የሚገባው ነገር ከተበላሸ በኋላ የምናደርገው ጥንቃቄ ሁሉ ዋጋ የለውም።

መገንቢያውና ማስነሻው ይለያዩ

ቤት ተሠርቶ ሲያልቅ ርብራቡ ይነሳል። ማንም ሰው ርብራቡ እንደቆመ አይገባበትም። እዚህም እንደዛው ነው። ኮምፓይለር፣ የሲ ሄደር ፋይሎች፣ ሜክ፣ እነዚህ ሁሉ ለመገንባት ያስፈልጋሉ፣ ሰርቨሩ ሲሠራ ግን አያስፈልጉም። ትተናቸው ከሄድን ኢሜጁን ያተልቁታል፣ ሰብሮ ለገባ ሰውም የተዘጋጀ መሣሪያ ይሆኑለታል። ዶከር እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በአንድ ዶከርፋይል (የኢሜጁ አሠራር መስመር በመስመር የሚጻፍበት ፋይል) ውስጥ ሁለትና ከዚያ በላይ ደረጃ እንድናደርግ ይፈቅዳል፣ የምንጠቀመውም በዚሁ ነው። የመጀመሪያው ደረጃ ይገነባል። ሁለተኛው ደረጃ የተገነባውን ብቻ ይወስዳል፣ ሌላው ይቀራል።

ዶከርፋይል የሚባል ፋይል ክፈቱ። ስሙ ላይ የመጀመሪያዋ ፊደል ትልቅ ትሁን። የመጀመሪያው መስመር ይህ ነው፦

ፍሮም ዴቢያን:ቡክዎርም-ስሊም አዝ ቢልደር

ቡክዎርም ማለት ዴቢያን የተባለው ሊኑክስ 12ኛ ቨርዥን ነው። «አዝ ቢልደር» የሚለው ለዚህ ደረጃ ስም መስጠቱ ነው። ሌቴስት የሚለውን ታግ (ከኢሜጁ ስም ቀጥሎ የሚጻፈውን የቨርዥን ምልክት) አትጠቀሙ። ሌቴስት ቋሚ ነገር አይደለም፣ ዛሬ የሚያመለክተውና ከስድስት ወር በኋላ የሚያመለክተው ይለያያል፣ ያኔ ትናንት የተገነባው ነገር ዛሬ ለምን እንደማይገነባ ስትፈልጉ ቀኑን ሙሉ ትውላላችሁ። የበለጠ ጥንቃቄ ከፈለጋችሁ ኢሜጁን በዳይጀስቱ፣ ማለትም ሻ256 ብሎ በሚጀምረው ረጅም ቁጥር ያዙት፤ እሱ ፈጽሞ አይቀየርም።

ቀጥሎ በረን መስመር (ኢሜጁ ሲገነባ ትዕዛዝ የሚያስኬደው) ላይ በአፕት (የዴቢያን ፓኬጅ መጫኛ) የሚጫኑት ፓኬጆች ናቸው፦ ቢልድ-ኢሴንሻል፣ ሉዋ 5.4፣ የሉዋ 5.4 ዴቭ ፓኬጅ፣ የአይሲዩ ዴቭ ፓኬጅ፣ የኦፕንኤስኤስኤል ዴቭ ፓኬጅ። አይሲዩ የሚያስፈልገው ስሞችን ለማስተካከል ነው። ኤክስኤምፒፒ ላይ የሰው ስም በማንኛውም ፊደል ሊጻፍ ስለሚችል፣ ሁለት የሚመሳሰሉ አጻጻፎች አንድ መሆናቸውን ወይም አለመሆናቸውን የሚወስን ነገር ያስፈልጋል። አፕት አፕዴትና አፕት ኢንስቶል በአንድ የረን መስመር ላይ ይሁኑ። ከለያያችኋቸው ዶከር የድሮውን አፕዴት ከካሽ (ቀድሞ ሠርቶ ካስቀመጠው) ያወጣና የሌለ ፓኬጅ ሲፈልግ ታገኙታላችሁ።

ከዚያ ሶርስ ኮዱን በኮፒ መስመር አስገቡ፣ በወርክዲር ወደ ፎልደሩ ግቡና እነዚህን በረን አስኪዱ፦

./ኮንፊገር --ኦኤስታይፕ=ዴቢያን --ፕሪፊክስ=/ዩኤስአር --ሲስኮንፍዲር=/ኢቲሲ/ፕሮሶዲ --ዳታዲር=/ቫር/ሊብ/ፕሮሶዲ --ሉዋ-ቨርዥን=5.4

ሜክ

ሜክ ኢንስቶል ዴስትዲር=/አውት

የመጨረሻው መስመር ላይ ዴስትዲር በትልልቅ ፊደል ይጻፋል። ሥራው ቆንጆ ነው። ፕሮሶዲ ፋይሎቹ /ዩኤስአር ስር እንደሚቀመጡ አድርጎ ይገነባል፣ ግን በተግባር የሚጽፋቸው /አውት ውስጥ ነው። ስለዚህ የተገነባው ነገር ሁሉ አንድ ፎልደር ውስጥ ተሰብስቦ ይጠብቀናል፣ የቱ የኛ የቱ የሲስተሙ እንደሆነ መለየት አይጠበቅብንም።

የመስመሮቹ ቅደም ተከተል ላይ ትንሽ ልቆይ። ዶከር እያንዳንዱን መስመር እንደ አንድ ንብርብር ያስቀምጠዋል። አንድ መስመር ከተቀየረ ከሱ በታች ያሉት ሁሉ እንደገና ይሠራሉ፣ ከሱ በላይ ያሉት ግን ከካሽ ይወጣሉ። ስለዚህ የማይቀያየረውን ወደ ላይ፣ ቶሎ ቶሎ የሚቀየረውን ወደ ታች አድርጉ። ፓኬጆቹ ላይ፣ ሶርስ ኮዱ ታች። ተቃራኒውን ካደረጋችሁ አንዲት ፊደል ስትቀይሩ ፓኬጆቹን ሁሉ እንደ አዲስ ያወርዳል።

ሁለተኛው ደረጃ

እዛው ፋይል ላይ፣ ከታች፣ ሁለተኛ የፍሮም መስመር ጻፉ፦

ፍሮም ዴቢያን:ቡክዎርም-ስሊም

አንድ አይነት መሆኑን ልብ በሉ። ይህ በአጋጣሚ አይደለም። ቡክዎርም ላይ ያለው አይሲዩ 72 ነው፣ ቀጥሎ በመጣው ትሪክሲ ላይ ደግሞ 76 ነው። በአንዱ ላይ ገንብታችሁ በሌላው ላይ ለማስነሳት ብትሞክሩ ፕሮሶዲ የሚፈልገውን ላይብረሪ አያገኝም፣ ግንባታው በሰላም ያልቅና ሲነሳ ይወድቃል። አልፓይን የተባለውን ሌላ ሊኑክስ ከዴቢያን ጋር መቀላቀል ከዚህም ይብሳል፤ አልፓይን የሚጠቀመው መስል የተባለውን የሲ ላይብረሪ ነው፣ ዴቢያን ግሊብሲን። ትንሽ ኢሜጅ ለማግኘት ብለው ይህን የሚሞክሩ ሰዎች አይቻለሁ። አልፓይን ከፈለጋችሁ ሁለቱም ደረጃ አልፓይን ይሁን።

እዚህ ደረጃ ላይ የሚጫኑት ለመሮጥ የሚያስፈልጉት ብቻ ናቸው፦ ሉዋ 5.4፣ ሉዋ-ኤክስፓት፣ ሉዋ-ሶኬት፣ ሉዋ-ሴክ፣ ሉዋ-ፋይልሲስተም፣ ሉዋ-አንባውንድ፣ አይሲዩ 72፣ ኦፕንኤስኤስኤል እና ሲኤ-ሰርተፊኬትስ። ኤክስፓት ኤክስኤምኤል ያነባል፣ ሴክ ምስጠራውን ይሠራል፣ አንባውንድ ዲኤንኤስን፣ ማለትም ዶሜይኑ የት ማሽን ላይ እንዳለ የሚናገረውን፣ ይጠይቃል። ሲኤ-ሰርተፊኬትስ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ስሊም ኢሜጁ ላይ የለም፣ እና እሱ ከሌለ ሰርቨራችሁ የሌሎቹን ሰርቨሮች ማንነት ማረጋገጥ አይችልም። ውስጥ ለውስጥ ያሉት ሰዎች ያወራሉ፣ ከውጭ ግን ማንም አይገናኛቸውም።

ቀጥሎ ዩዘር ፍጠሩ፦ ስሙ ፕሮሶዲ፣ ቁጥሩ 10001። ቁጥሩን ራሳችሁ ወስኑት፣ ሲስተሙ እንዲመርጥላችሁ አትተዉት። በኋላ የፋይል ባለቤትነት ላይ ስንደርስ ይህ ቁጥር ነው የሚያድነን። ከዚያ፦

ኮፒ --ፍሮም=ቢልደር /አውት /

ይህ መስመር ከርብራቡ ቤቱን ይዞ የሚወጣው ነው። /ቫር/ሊብ/ፕሮሶዲ የሚባለው ፎልደር ባለቤቱ ፕሮሶዲ እንዲሆን በረን መስመር ላይ ቻውን አድርጉ፣ ቀጥሎ «ዩዘር ፕሮሶዲ» የሚል መስመር ጨምሩ። ፕሮሶዲ በሩት መሮጥ አይፈልግም፣ ልክም ነው።

የመጨረሻው መስመር ማስነሻው ነው። ሲኤምዲ ብላችሁ ፕሮሶዲ እና -ኤፍ የሚሉትን ሁለት ቃላት በካሬ ቅንፍ ውስጥ፣ እያንዳንዱን በትምህርተ ጥቅስ፣ በኮማ ለይታችሁ ጻፉ። ኤፍ ትልቁ ነው፣ ሰርቨሩ ወደ ጀርባ ሳይሄድ ፊት ለፊት እንዲሮጥ ያደርገዋል። ወደ ጀርባ ከሄደ ዶከር ሥራው ያለቀ ይመስለውና ኮንቴይነሩን ያጠፋዋል። ካሬ ቅንፉም ምክንያት አለው። ያለ ቅንፍ ከጻፋችሁት በመሃል ሼል (ትዕዛዝ ተቀብሎ የሚያስኬድ ፕሮግራም) ይገባል። ዶከር ስቶፕ ስትሉ «ዝጋ» የሚለው ምልክት ለሼሉ ደርሶ ለፕሮሶዲ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። ያኔ ዶከር 10 ሰከንድ ጠብቆ በኃይል ይገድለዋል። በቅንፍ ከሆነ ግን ምልክቱ በቀጥታ ለፕሮሶዲ ይደርሳል፣ እሱም ሰዎቹን ተሰናብቶ፣ በእጁ ያለውን ጽፎ ይዘጋል።

አሁን ገንቡት፦

ዶከር ቢልድ -ቲ ቻት:13.0-1 .

መጨረሻ ላይ ያለችው ነጥብ አትረሳ፣ «እዚህ ፎልደር» ማለት ናት። ከቨርዥኑ ቀጥሎ ያለችው 1 የእኔ ልማድ ናት። ፕሮሶዲ ሳይቀየር የስሩን ፓኬጆች ብቻ ለማደስ እንደገና ስገነባ 2 አደርጋታለሁ፣ የድሮው ኢሜጅ ሳይጠፋ ይቆያል።

አንድ ማሳሰቢያ። ፓስወርድ፣ የሰርተፊኬት ቁልፍ፣ የዳታቤዝ ይለፍ ቃል፣ አንዱም ዶከርፋይል ውስጥ አይግባ። አስገብቼ በሚቀጥለው መስመር አጠፋዋለሁ ብትሉም አይሠራም። ንብርብሮቹ ይቀመጣሉ ብያለሁ፤ በታችኛው መስመር ያጠፋችሁት ፋይል በላይኛው ንብርብር ውስጥ አለ፣ ኢሜጁን ያገኘ ሁሉ ያወጣዋል። ፎልደሩ ውስጥ እንዲህ አይነት ፋይል ካለ ዶት ዶከርኢግኖር በሚባለው ፋይል ላይ ስሙን ጻፉት።

ኮንፊጉ

ከኢሜጁ ውጪ፣ ማሽኑ ላይ፣ /ኤስአርቪ/ቻት/ኮንፊግ የሚል ፎልደር ፍጠሩ። ፕሮሶዲ.ሲኤፍጂ.ሉዋ የሚባለውን ነባሪ ፋይል ከሶርስ ኮዱ ቅዱና እዛ አስቀምጡት። ፋይሉ በደንብ የተብራራ ስለሆነ ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ አንብቡት። መቀየር ያለባችሁ ጥቂት ነው።

ቨርቹዋልሆስት የሚለው ላይ የራሳችሁን ዶሜይን ጻፉ። በደንብ አስባችሁበት ምረጡት፣ ምክንያቱም የሰዎቹ አድራሻ ይሆናል፣ ስም@ዶሜይን። ዳታውም በዚሁ ስም በተሰየመ ፎልደር ውስጥ ነው የሚቀመጠው። በኋላ መቀየር ማለት ሁሉም ሰው አዲስ አድራሻ አወጣ ማለት ነው።

ሎግ የሚለውን ወደ ኮንሶል አዙሩት፣ በኮከብ ምልክት ጀምሮ ኮንሶል ተብሎ ይጻፋል። ነባሪው ፋይል ላይ ይጽፋል፣ ስለዚህ ዶከር ሎግስ ስትሉ ባዶ ይሆንባችኋል። አላው_ሬጂስትሬሽን ፎልስ ይሁን፤ ማንም እየመጣ እንዲመዘገብ ከፈቀዳችሁ ሰርቨራችሁ የአይፈለጌ መልእክት መላኪያ ይሆናል፣ ከዚያም ሌሎቹ ሰርቨሮች ይዘጉባችኋል። ማም የሚባለውን ሞጁል አብሩት፣ ሰው ስልኩ ጠፍቶ ሲመለስ ያመለጠውን መልእክት የሚያገኘው በሱ ነው። ካርበንስ መልእክቱ ስልክም ኮምፒዩተርም ላይ እንዲታይ ያደርጋል፣ ስማክስ ደግሞ ኔትወርክ ሲቆራረጥ መልእክት እንዳይጠፋ። ደካማ ኔትወርክ ላይ ላለ ሰው ስማክስ የግድ ነው። የቡድን ወሬ ከፈለጋችሁ ከታች ኮምፖነንት ብላችሁ ኮንፈረንስ በሚል ንዑስ ዶሜይን ላይ ኤምዩሲን ጨምሩ።

ማስነሳት

እዚህ ላይ ነው የራሴን ታሪክ የምነግራችሁ። የመጀመሪያውን ሰርቨሬን ሳስነሳ ቮልዩም (ከኮንቴይነሩ ውጪ ያለ የዳታ ማስቀመጫ) አላያያዝኩም ነበር። ሁሉም ነገር ሠራ። ሰዎች ገቡ፣ ሦስት ሳምንት አወሩ። ከዚያ ቨርዥን ለመቀየር ኮንቴይነሩን አጠፋሁትና አዲሱን አስነሳሁ። አካውንቶቹ የሉም። መልእክቶቹ የሉም። ሁሉም የተጻፉት ኮንቴይነሩ ውስጥ ነበር፣ ከሱ ጋር ሄዱ። ለእያንዳንዱ ሰው ደውዬ «ወሬያችሁ ጠፍቷል» ማለት ነበረብኝ፤ አንዷ የሞተ ወንድሟ የላከላት መልእክት እዛ ውስጥ ነበር። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ትዕዛዝ ስትጽፉ ሌላውን ብትረሱ ትመለሱበታላችሁ፣ -ቪ የሚለውን ግን አትርሱ።

ዶከር ረን -ዲ --ኔም ቻት --ሪስታርት አንለስ-ስቶፕድ -ፒ 5222:5222 -ፒ 5269:5269 -ቪ ቻትዳታ:/ቫር/ሊብ/ፕሮሶዲ -ቪ /ኤስአርቪ/ቻት/ኮንፊግ:/ኢቲሲ/ፕሮሶዲ:አርኦ ቻት:13.0-1

5222 የሰዎቹ አፕ የሚገባበት ፖርት ነው። 5269 ሰርቨር ከሰርቨር የሚነጋገርበት ነው። ፎቶና ፋይል መላክ ካበራችሁ 5281ም ይጨመራል። ቻትዳታ ዶከር ራሱ የሚያስተዳድረው ቮልዩም ነው፣ ኮንቴይነሩ ሲጠፋ አይጠፋም። ባዶ ሆኖ መጀመሪያ ሲያያዝ ኢሜጁ ውስጥ ያለውን ባለቤትነት ይወስዳል፣ ስለዚህ ቻውን ያደረግነው ይሠራል። በቮልዩም ፋንታ የማሽኑን ፎልደር በቀጥታ ካያያዛችሁ ግን ይህ አይሆንም፣ ፎልደሩን ራሳችሁ ለ10001 መስጠት አለባችሁ። «ፐርሚሽን ዲናይድ» የሚል ሎግ ካያችሁ መጀመሪያ የምታዩት ይህን ነው። ሴሊኑክስ የተባለው የሊኑክስ ጥበቃ የበራበት ማሽን ከሆነ ደግሞ ከማያያዣው መጨረሻ ትልቁን ዜድ ጨምሩ።

ኮንፊጉን ፎልደሩን በሙሉ ያያያዝኩት ሆን ብዬ ነው። ፋይሉን ብቻ ለይታችሁ ብታያይዙት፣ ብዙ ኤዲተሮች ሴቭ ስታደርጉ የድሮውን ፋይል ትተው አዲስ ስለሚፈጥሩ ኮንቴይነሩ የድሮውን እያየ ይቀራል። ቀይራችሁ፣ ሪስታርት ሳታደርጉ፣ ምንም አልተቀየረም ብላችሁ ራሳችሁን ትጠራጠራላችሁ።

ስለ ፋየርዎልም ልንገራችሁ። ዶከር -ፒ ያላችሁትን ፖርት የሚከፍተው የአይፒቴብልስ ሕጎችን በቀጥታ በመጻፍ ነው፣ ስለዚህ ዩኤፍደብልዩ በተባለው ፋየርዎል ላይ የዘጋችሁት ፖርት ክፍት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ለውጭ ሰው መታየት የሌለበት ፖርት ካለ ከፊቱ 127.0.0.1 እና ሁለት ነጥብ ጨምሩበት፣ ያኔ ከማሽኑ ውጪ አይደረስበትም።

ሎጉም ያለ ገደብ ያድጋል። የዶከር ነባሪ የሎግ አቀማመጥ ፋይሉን አይቆርጥም። --ሎግ-ኦፕት ማክስ-ሳይዝ=10ኤም እና --ሎግ-ኦፕት ማክስ-ፋይል=3 ብላችሁ ረን ላይ ጨምሩ። ዲስኩ ሲሞላ ፕሮሶዲ መልእክት መጻፍ ያቅተዋል፣ ይህ ደግሞ የሚሆነው ሁልጊዜ በማይመች ሰዓት ነው። ትዕዛዙ እየረዘመ ሲሄድ ወደ ዶከር ኮምፖዝ ፋይል አዙሩት፣ ያው ነገር ነው፣ በጽሑፍ የተቀመጠ።

ዲኤንኤስና ሰርተፊኬት

ዶሜይኑ ራሱ ወደ ማሽኑ የሚያመለክት ከሆነ ተጨማሪ ነገር አያስፈልግም። ዌብሳይታችሁ ሌላ ማሽን ላይ ከሆነ ግን ሁለት የኤስአርቪ ሬኮርድ (አገልግሎቱ የትኛው ማሽንና ፖርት ላይ እንዳለ የሚናገር የዲኤንኤስ መስመር) ጨምሩ፣ አንዱ ለክላይንት ወደ 5222፣ ሌላው ለሰርቨር ወደ 5269። ለኮንፈረንሱ ንዑስ ዶሜይንም እንዲሁ።

ሰርተፊኬቱን ከሌትስ ኢንክሪፕት በነፃ ታገኛላችሁ። ለቨርቹዋልሆስቱም ለኮንፈረንሱም ስሞች ይሁን። ችግሩ የሚመጣው ወደ ኮንቴይነሩ ሲገባ ነው። ሰርትቦት (ሰርተፊኬቱን የሚያወጣው ፕሮግራም) ላይቭ የሚባለው ፎልደር ውስጥ የሚያስቀምጠው ፋይሉን ሳይሆን ወደ አርካይቭ ፎልደር የሚያመለክት ሊንክ ነው። ላይቭን ብቻ ካያያዛችሁ ሊንኮቹ ወደ ሌለ ቦታ ያመለክታሉ። አርካይቭንም ብታያይዙ ደግሞ የግል ቁልፉን የሚያነበው ሩት ብቻ ነው፣ የኛ 10001 አያነበውም።

እኔ የማደርገው ይህን ነው። ሰርትቦት ሰርተፊኬት ባደሰ ቁጥር የሚያስኬደው የዲፕሎይ ስክሪፕት ማስቀመጫ አለው። እዛ ውስጥ አጭር ስክሪፕት አስቀምጣለሁ፦ ፉልቼይንና ፕራይቭኪ የተባሉትን ፋይሎች ወደ /ኤስአርቪ/ቻት/ኮንፊግ/ሰርትስ/ዶሜይኑ ይቀዳል፣ ባለቤታቸውን 10001 ያደርጋል፣ ቁልፉን ሌላ ሰው እንዳያነበው ይዘጋል፣ ከዚያ ፕሮሶዲን ያነቃዋል፦

ዶከር ኪል --ሲግናል ኤችዩፒ ቻት

ስሙ ያስደነግጣል እንጂ አይገድለውም። ኤችዩፒ ኮንፊጉንና ሰርተፊኬቱን እንደገና እንዲያነብ የሚያደርግ ምልክት ነው፣ የገባ ሰው አይቋረጥም። ይህን መስመር ከዘለላችሁ አዲሱ ሰርተፊኬት ዲስክ ላይ አለ፣ ፕሮሶዲ ግን በሚሞሪው የያዘው የድሮውን ነው። የድሮው 90 ቀኑ ሲሞላ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ መግባት ያቅተዋል፣ እናንተ ደግሞ ፋይሉን ታያላችሁ፣ ትክክል ነው፣ ቀኑም አላለፈም።

አካውንትና ፍተሻ

አካውንት እንዲህ ይከፈታል፦

ዶከር ኤግዜክ -አይቲ ቻት ፕሮሶዲሲቲኤል አድዩዘር ስም@ዶሜይን

ፓስወርድ ይጠይቃችኋል። ከዚያ ፕሮሶዲሲቲኤል ቼክ የሚለውን በዚያው መንገድ አስኪዱ። ኮንፊጉን፣ ዲኤንኤሱንና ሰርተፊኬቱን ይፈትሽና የጎደለውን በግልጽ ይነግራችኋል። ኮንቴይነር ውስጥ ስለሆነ የማሽኑን የውጭ አይፒ አያይም፣ ስለዚህ ዲኤንኤስ ላይ አድራሻው አይመሳሰልም ቢላችሁ ወዲያው አትደንግጡ፣ ራሳችሁ አረጋግጡት። የቀረውን ግን እመኑት።

በስልክ አንድሮይድ ላይ ኮንቨርሴሽንስ፣ አይፎን ላይ ሞናል፣ ኮምፒዩተር ላይ ጋጂም ወይም ዲኖ ጫኑና ግቡ። ሁለት አካውንት ክፈቱና እርስ በርስ መልእክት ላኩ። አንዱን ስልክ ኢንተርኔቱን አጥፉና ላኩበት፣ መልሳችሁ ስታበሩት መልእክቱ መምጣት አለበት። ካልመጣ ማም መብራቱን እዩ። ኦሜሞ የተባለው ምስጠራ አፖቹ ላይ መብራቱንም እዩ፣ እሱ ካለ እናንተ የሰርቨሩ ባለቤቶች እንኳ መልእክቱን ማንበብ አትችሉም። እኔ ለሌላ ሰው ሰርቨር ሳስነሳ ይህን ሳላሳይ አልወጣም።

ማደስና ባክአፕ

አዲስ ቨርዥን ሲወጣ ኮንቴይነሩ ውስጥ ገብታችሁ አፕት አፕግሬድ አታድርጉ። ያ ለውጥ ከኮንቴይነሩ ጋር ይጠፋል፣ ኢሜጁም እውነቱን መናገር ያቆማል። በየሳምንቱ ወይም የደህንነት ማስተካከያ ሲወጣ --ፑል እና --ኖ-ካሽ ብላችሁ በአዲስ ታግ ገንቡ።

ከመቀየራችሁ በፊት ባክአፕ። ኮንቴይነሩን አቁሙ፣ እየተጻፈ ያለ ፋይል መቅዳት አያስተማምንም። ከዚያ ቻትዳታን አንድ ሌላ ትንሽ ኮንቴይነር ላይ አያይዛችሁ በታር ጠቅልላችሁ አውጡ፣ /ኤስአርቪ/ቻት/ኮንፊግንም አብራችሁ። ፋይሉን ከማሽኑ ውጪ አስቀምጡት። አካውንቶቹ እዛ ውስጥ ስላሉ ባክአፑም ይመስጠር።

ቀጥሎ ዶከር አርኤም ቻት፣ ከዚያ ያንኑ የረን ትዕዛዝ በአዲሱ ታግ። ሰዎቹ ለጥቂት ሰከንድ ይቋረጡና አፖቻቸው ራሳቸው ይመለሳሉ። አዲሱ ካስቸገረ በድሮው ታግ አስነሱት፣ ኢሜጁ አለ። አዲሱ ዳታው ላይ የቀየረው ነገር ካለና የድሮው ማንበብ ካቃተው ደግሞ ባክአፑን መልሱ።

ባክአፑን ግን አንድ ቀን፣ ችግር ሳይመጣ፣ ሌላ ማሽን ላይ ፈትታችሁ አስነሱት። ኢሜጁን ገንቡ፣ ታሩን ቮልዩሙ ውስጥ ዘርግፉት፣ ኮንፊጉን አያይዙ፣ ኮንቴይነሩን ከውጭ ኔትወርክ ለይታችሁ አስነሱ። ከዚያ በራሳችሁ አካውንት ገብታችሁ የድሮ መልእክቶቻችሁን ፈልጉ።